የሥር እባጭ ባክቴሪያዎችና የደቡብ ኢትዮጵያ አፈር

በወላይታ፣ በቤሌ ከተማ ዙሪያ ባለው የኪንዶ ኮይሻ ምድር፣ ገበሬው መሬቱን በሁለት ዓይን ያያል፡፡ ለቤቱ የቀረበው ማሳ ዳርኮዋ ይባላል፤ እንደ እንሰቱ ሁሉ ፍግና የቤት ጥራጊ ይደርሰዋል፡፡ ራቅ ያለው ሾቃ ግን ከዚህ ሀብት የሚደርሰው እምብዛም ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 እያሱ ኤልያስና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት የዚህን አካባቢ እርሻ ልክ እንደ ሒሳብ መዝገብ መርምሮ፣ ከሩቁ ማሳ የሚወጣው ናይትሮጅን ከሚገባው እንደሚበልጥ አሳይቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራውን የጀመረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋዱ የሚባለው፣ ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ በብድር የሚሰጥ የፋብሪካ ማዳበሪያ ነበር፡፡ ብድሩና አቅርቦቱ በጎደለ ጊዜ ግን ሾቃው እንደ ቀድሞው ባዶ እጁን ይቀራል፡፡

ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቶ ተርፏል፡፡ ችግሩ ተክል በቀጥታ ሊወስደው አለመቻሉ ነው፡፡ ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት በ1880ዎቹ የባቄላ ወገን የሆኑ ተክሎች ይህን ሀብት በሥራቸው እባጭ አማካይነት እንደሚያገኙ አስረዱ፤ በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በእባጩ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አረባ፡፡ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የተጠናው በይበልጥ የአተር፣ የባቄላና የአኩሪ አተር ባክቴሪያ ነው፡፡ ግራርን፣ ቆርችንና መሰሎቻቸውን የጠየቃቸው ጥቂት ነበር፡፡

በደቡብ ኢትዮጵያ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሡት እንዳልካቸው ወልደ መስቀል ናቸው፡፡ እሳቸው፣ ዘውዱ ተረፈወርቅ፣ ኦሳ ፍሮስቴጎርድና ክሪስቲና ሊንድስትሮም በ2005 ያወጡት ጽሑፍ ከ18 የተክል ዓይነቶች የተሰበሰቡ 195 ባክቴሪያዎችን ይመለከታል፤ ከተክሎቹ 15ቱ እንጨታማ ናቸው፡፡ የአሠራሩ ጅምር ቀላል ይመስላል፡፡ ሥሩ በጥንቃቄ ይቆፈራል፣ እባጩ ታጥቦ ላዩ ከተሕዋስያን ይጸዳል፣ ከዚያም ተጨፍልቆ ጭማቂው በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይዘራል፡፡ አንድ ብቻውን የበቀለ የባክቴሪያ ክምችት እስኪገኝ ድረስ ዘር መዝራቱ ይደጋገማል፡፡ ትዕግሥት የሚፈትነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፡፡

ባክቴሪያ በመልኩ አይለይም፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይኸም ያም በትር መሳይ ነው፡፡ ስለዚህ ቱሉ ደገፉ፣ እንዳልካቸውና የኖርዌይ ባልደረባቸው አስቀድመው የአምስት ጂኖችን ቅደም ተከተል አነጻጽረው 18 ባክቴሪያዎችን በሦስት አዳዲስ ቡድኖች መደቡ፡፡ ነገር ግን የጂን ንጽጽር ብቻውን አዲስ ስም አያሰጥም፡፡ በ1987 ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በደነገገው መመዘኛ መሠረት፣ የሁለት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ዝምድና ከ70 በመቶ ካነሰ አንድ ዝርያ አይባሉም፡፡ የኢትዮጵያዎቹ ባክቴሪያዎች ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር ሲለኩ ዝምድናቸው ከ59 በመቶ አላለፈም፤ በስብ አሲዶቻቸውም ተለይተው ተገኙ፡፡ በ2013 ሜሶራይዞቢየም ሾነንሴ፣ ሜሶራይዞቢየም ሀዋሰንሴና ሜሶራይዞቢየም አቢሲኒኬ የሚሉት ስሞች ታተሙ፡፡ የመጀመሪያው ስም የወላይታ ጎረቤት የሆነችውን ሾኔን ያስታውሳል፡፡ በ2017 ደግሞ ከቆርች ሥር የተገኘው ብራዲራይዞቢየም ሸወንሴ የተባለው ዝርያ ተከተለ፤ በዚህ ጊዜ የተነበበው ሙሉው የዘር ቅደም ተከተል ነበር፡፡

ስም ማውጣት ለጌጥ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፡፡ ሆኖም ከአንዱ ተክል ጋር የሚስማማው ባክቴሪያ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ማንነቱ ያልታወቀ ተሕዋስ በከረጢት ታሽጎ ለገበሬ ሊሸጥ አይገባም፤ የሸጠም ምን እንደ ሸጠ አያውቅም፡፡ ለጥራጥሬ የሚሆን የባክቴሪያ ማዳበሪያ በአገራችን መናገሻ ባዮቴክ ያመርታል፡፡ ለዛፎቹ ግን ገና የተጀመረው ቆጠራው ነው፡፡ በ2013 የተሰየሙት የሦስቱ ዝርያዎች መለያ ናሙናዎችም በጌንትና በሄልሲንኪ ክምችቶች ውስጥ ተመዝግበው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ሾኔ ካለችበት ምድር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የራቁ ናቸው፡፡