በሩ ላይ የቆመው ማን ነው?

ፍርሃትም እንደ ሰው ታሪክ አለው፤ ይወለዳል፣ ይሰደዳል፣ በደረሰበት አገር ስሙን ይለውጣል። ይህን ሐሳብ የጫረብኝ የወዳጆች ጨዋታ ነው። በሜሪላንድ የምንኖር አራት የድሮ ጓደኛሞች በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ልማዱ የተጀመረው ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ ነው፤ እነርሱ ጭምብል አጥልቀው ከእናቶቻቸው ጋር ከረሜላ ለመሰብሰብ ሲወጡ፣ እኛ አባቶች የሌላውን ልጅ ለመቀበል ቤት ጠባቂ ሆነን እንቀር ነበር። ልጆቹ አድገው ሄዱ፤ ልማዱ ግን እኛው ዘንድ ቀረ። አንዳችን ታክሲ ነጂ ነው፤ ሁለተኛው የሒሳብ ባለሙያ፤ ሦስተኛው በፋብሪካ ውስጥ ብረት የሚቆርጥና የሚቀርጽ፤ አራተኛው እኔ ሐኪሙ ነኝ። (ዓ.ም. ብዬ ካልገለጽሁ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ዘወትር የሚጀምረው በአንድ ክርክር ነው። የሒሳብ ባለሙያው ወዳጄ፣ «ይህ የሰይጣን በዓል ነው፤ እኛ ክርስቲያኖች ምን አገባን?» ይላል። ታክሲ ነጂው ደግሞ፣ «አንተ ሰው፣ ይህማ ቡሄ ነው! ችቦውን በዱባ ተኩት እንጂ ምን ለወጡበት?» ብሎ ይመልስለታል። ዓመት ዓመት ሳይፈታ ስላደረው፣ እኔ ነገሩን ከታሪክ ለማየት ተነሣሁ፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው አገኘኋቸው።

ሃሎዊን ሥሩ በአየርላንድና በስኮትላንድ ነው። የጥንት ኬልቶች መከሩ ተሰብስቦ የጨለማው ወራት የሚገባበትን ዕለት ሳዊን ብለው ያከብሩት ነበር። በዚያች ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው አጥር ይላላል ተብሎ ይታመን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያን በኖቬምበር 1 ቀን አደረገች፤ በ9ኛው መቶ ዓመት፣ በጳጳሱ በአራተኛው ጎርጎርዮስ ዘመን፣ በዓሉ በፍራንኮች ግዛት በሰፊው ጸና። ሃሎዊን የሚለው ስም ራሱ «የቅዱሳን ዋዜማ» ከማለት የመጣ ነው። እንግዲህ የሰይጣን በዓል ሲባል የቆየው፣ ስሙን ያገኘው ከቅዱሳን ነው።

ወደ አሜሪካ ያሻገሩት በአመዛኙ ስደተኞች ናቸው። በ1845 የድንች በሽታ የአየርላንድን ማሳ ከመታ በኋላ በተከተለው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅ፣ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። አይሪሾች በአገራቸው ፊት እየቀረጹ መብራት የሚያኖሩበት ሥር እንደ ቀይ ሥር ያለ አትክልት ነበር፤ በአዲሱ አገር ዱባ ሰፊና ለመፈልፈል የሚመች ሆኖ አገኙት። ዛሬ የአሜሪካ ምልክት የሆነው የዱባ ፋኖስ የስደተኛ ብልኃት ነው፤ ጤፍ ቢያጣ በሌላ ዱቄት እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልጆች ከደጅ ደጅ ጣፋጭ እየለመኑ መዞራቸው በአሜሪካ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ስለሆነ ቀዝቅዞ፣ ከጦርነቱ በኋላ ዳግም አበበ።

ከቡሄ ጋር ያለው ዝምድና የደም ሳይሆን የጠባይ ነው። ቡሄ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል ይውላል፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ባለቤቲቱም ሙልሙል ታወጣለች። የእነርሱ በዓል ወደ ጨለማ መግቢያ ነው፤ የእኛ ከጨለማ መውጫ። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፤ በዓመት አንድ ሌሊት ማንነቱ ያልታወቀ ልጅ በራችንን ያንኳኳል፤ እኛም ከፍተን እንሰጠዋለን። ማኅበረሰብ ፍርሃቱን የሚያሠለጥነው በዚህ ዓይነት ጨዋታ ይመስለኛል።

ከበዓሉ ወደ ፊልሙ መሻገር በዚያች ማታ ግድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሁሉ በአስፈሪ ፊልም የተሞላ ነውና። እኔ ሕክምና የተማርሁት በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በሃንጋሪ ነው። የ1931ዱን «ድራኩላ» ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ግን አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነበር፤ ሌላው ተመልካች በሚፈራበት ቦታ ሣቅ አፈነኝ። ያ ደም መጣጭ መስፍን የሚናገረው ልክ እንደ አናቶሚ አስተማሪዬ ነበርና! ሃንጋሪኛ የቃሉን የመጀመሪያ ክፍለ ድምፅ ያጠብቃል፤ ሃንጋሪው እንግሊዝኛ ሲናገርም ያ ምት አይለቀውም። ዓለምን ያስደነገጠው ድምፅ፣ ለእኔ የፈተና ውጤት የሚነግረኝ ሰው ድምፅ ነው።

ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ በ1882 ሉጎስ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ከተማይቱ ያኔ በሃንጋሪ ሥር ነበረች፣ ዛሬ በሩማንያ ናት። በ1919 በሃንጋሪ የተነሣው አብዮት ሲወድቅ፣ ተዋንያንን በማኅበር ያደራጅ ስለነበር ነፍሱን ለማዳን ተሰደደ፤ በ1920 ማብቂያ በመርከብ አሜሪካ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዝኛ ሳይገባው የመድረክ ቃሉን በድምፅ እየሸመደደ ይጫወት ነበር። በ1927 በኒው ዮርክ መድረክ፣ በ1931 በፊልም ድራኩላን ሆነ። ዜግነት ያገኘውም በዚያው በ1931 ነው። በ1956 ሲሞት የድራኩላን ካባ እንደለበሰ ተቀበረ። ብቻውን አልነበረም፤ ፊልሙን የሠራውን ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የመሠረተው ካርል ላምሌ በ17 ዓመቱ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ካርል ፍሮይንድም ከበርሊን የመጣ ነው። አሜሪካ ስደተኛን የምትፈራበትን መልክና ድምፅ የሰጧት ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። እንጀራ ፈላጊ ስደተኛ የማይሸጠው ነገር የለም፤ አንዳንዴ የራሱን ባዕድነት ይሸጣል።

ይህን እያጫወትኋቸው ሳለሁ ታክሲ ነጂው ወዳጄ አቋረጠኝና፣ «ዶክተር፣ ምን ታስረዝመዋለህ? ድራኩላ ማለት የፈረንጅ ቡዳ ነው!» አለ። ሣቅን። ብረት ሠሪው ወዳጃችን ግን አልሣቀም።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፤ «አባቴ ቀጥቃጭ፣ አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በቡሄ እኔም ዱላ ይዤ ከልጆቹ ጋር እወጣ ነበር። ለሌሎቹ ሙልሙሉን በእጃቸው ይሰጧቸዋል፤ የእኔን ድንጋይ ላይ ያኖሩልኛል። አንድ ጊዜ በጥቅምት ወር የጎረቤት ልጅ አተኮሰው፤ ሌሊቱን ሲንፈራገጥ አደረ። ሰዎች መጥተው አያቴን ጎትተው አወጧት። ‹በልተሽዋልና እንትፍ በዪበት› አሏት። እንቢ ብትል ይገድሏታል፤ እሺ ብትል ማመኗ ነው። እንትፍ አለችበት። ልጁ በነጋታው ሞተ። እኛ በዚያው ሳምንት አገር ለቀቅን። አያቴ እስክትሞት ድረስ ሕፃን አቅፋ አታውቅም።»

የሃያ ዓመት ወዳጃችን ነው፤ ይህን አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። ታክሲ ነጂው፣ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አላወቅሁም» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ፣ ከሙያ ልማድ የተነሣ፣ በሐሳቤ ያን ልጅ እመረምር ጀመር። ክረምት ባለፈ ማግሥት፣ ቆላ ቀመስ አገር፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ መንፈራገጥ፣ ሞት፤ በአገራችን ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያላዩትን በሽተኛ መርምሮ መፍረድ አይገባም፤ ነገር ግን አያቲቱ እንዳልነበረች እርግጠኛ ነኝ።

ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ ያሰብሁት ስለ መርሲ ብራውን ነው። በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በኤክሰተር የገበሬ መንደር፣ የብራውን ቤተሰብ እናት በ1883፣ የመጀመሪያዪቱ ልጅ በ1884 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በኋላ ኤድዊን የሚባለው ወንድ ልጅ ታመመ፤ እኅቱ መርሲም ታማ በጥር 1892 በ19 ዓመቷ ዐረፈች። መንደርተኛው፣ ከሙታኑ አንዱ በመቃብር ሆኖ የኤድዊንን ደም እየመጠጠ ነው ብሎ አባቱን አስጨነቀ። አባትዬው ሳያምንበት ፈቀደ። በማርች 17 ቀን 1892 መቃብሮቹ ተከፈቱ። ለዓመታት ከአፈር በታች የቆዩት እናትና እኅት ዐፅም ሆነዋል፤ የመርሲ ሬሳ ግን አልፈረሰም፤ በልቧም ደም ተገኘ። ልቧንና ጉበቷን አቃጠሉ፤ ዐመዱን በጥብጠው ለወንድሟ አጠጡት። በሜይ 2 ቀን ሞተ።

በስፍራው የነበረው ሐኪም፣ ሬሳው ያለበት ሁኔታ ተፈጥሯዊ መሆኑንና በሳንባዋ የነቀርሳ ምልክት ማየቱን ተናግሮ ነበር፤ የሰማው አልነበረም። መርሲ የሞተችው በብርድ ወራት ነው፤ ሬሳዋም ከመሬት በላይ ባለ የድንጋይ ቤት ስለተቀመጠ ውርጩ አቆየው። ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው በማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ መቃብሩ ሲከፈት ዕውቀቱ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር። ደግሞም የመንደሩ ሰዎች ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ነቀርሳ በትንፋሽና በሳል ስለሚተላለፍ በአንድ ክፍል የሚያድሩትን ተራ በተራ ይይዛል፤ ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ወራትና ዓመታት አድፍጦ ስለሚቆይ፣ አንዱ ከተቀበረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላው ይታመማል፤ በሽተኛው ይመነምናል፣ ይነጣል፣ ደም በከንፈሩ ይታያል። በትክክል ያዩትን ነገር በሐሰት ተረጎሙት። ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን በ1897 ሲያሳትም፣ በማስታወሻዎቹ መካከል ስለ ኒው ኢንግላንድ ደም መጣጮች የሚያወራ የ1896 የጋዜጣ ቁራጭ ነበር። በ1922 የወጣው የጀርመኑ «ኖስፌራቱ»ም ደም መጣጩን ከባዕድ አገር በመርከብ፣ ከአይጥና ከወረርሽኝ ጋር አመጣው። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ፊልም አያት በሽታ ነው፤ በሽታውም ሁልጊዜ የሰው ፊት ይሰጠዋል።

የእኛም ቡዳ ከዚህ አይለይም፤ አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እርሱም ያሳፍራል። የእነርሱ ተከሳሽ ሙት ነበረች፤ የእኛ ተከሳሽ ግን በማግሥቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ሕያው ሴት ናት። ማረሻውን ቀጥቅጦ ለሚሰጠው፣ ምጣዱን ለሠራችለት፣ ርስት ለነፈገው ለዚያው ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ስም አወጣለት። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ በጎንደር ያሉት ቤተ እስራኤሎች ይህን ስም ተሸክመው ኖሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ዐዋጁ ወጣ፤ ስሙ ግን ከአፋችን አልወጣም፤ ይኸው ባሕር ተሻግሮ ሜሪላንድ ድረስ አብሮን መጥቷል።

ስለዚህ አስፈሪ ፊልምን እንደ ከንቱ ነገር የሚያዩትን ወዳጆቼን አሁን አልደግፍም። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ በፒትስበርግ አካባቢ በጥቂት ገንዘብ በሠራው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ውስጥ፣ ጥቁሩ ተዋናይ ዱዌን ጆንስ የሚጫወተው ሰው ሌሊቱን ሁሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ይተርፋል፤ ሲነጋ ግን ሊያድኑ የመጡት ነጮች ከሙታኑ አንዱ አድርገውት በጥይት ይገድሉታል። እውነተኛው አስፈሪ ነገር ከመቃብር የወጣው ሙት ሳይሆን፣ በመስኮት አይቶ ሰውን ሰው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ዓይን መሆኑን ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ፈረንጆቹ ደም መጣጫቸውን ወደ ሸራና ወደ ጭምብል አወጡት፤ ሲያወጡትም የመርሲን መቃብር ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ተገኘ። እኛ ቡዳችንን ገና አላወጣነውም። የወዳጃችን አያት የት እንደተቀበረች ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያች ማታ ተራው የእኔ ቤት ነበር። ወዳጃችን ይቀር ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ መጣ። በሩ ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድሞ የተነሣ እርሱ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰች፣ ሁለት የላስቲክ ክራንቻ የነከሰች የስድስት ዓመት ያህል ልጅ ቆማለች። የከረሜላውን ሳህን አላቀረበላትም። በብረት ሥራ የሻከረውን እጁን ሳህኑ ውስጥ ከትቶ አንድ እፍኝ አወጣ፤ ጎንበስ ብሎም በእጇ ላይ አኖረላት። በአማርኛ፣ «እደጊ» አላት።