ከይቅርታ ወደ መብት፦ አስገዳጁ የዕድሜ ልክ እስራት በጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፊት



ዛሬ የማነሣው የምዕራብ ጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1977 የሰጠውን ፍርድ ነው። ብዙ ጊዜ የዕድሜ ልክ እስራትን ያጸደቀ ፍርድ እየተባለ ይጠቀሳል። እኔ ግን ከጸደቀው ይልቅ የተለወጠው የሚበልጥ ይመስለኛል።

ነገሩ ከሞት ቅጣት ይጀምራል። የጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 211 በናዚዎች ዘመን፣ በ1941፣ በአዲስ መልክ ሲጻፍ የግፍ አገዳደል መደበኛ ቅጣት ሞት ነበር። የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 102 የሞት ቅጣትን ሻረ፤ ቦታውንም የዕድሜ ልክ እስራት ወረሰው። ድርጊቱ ከተረጋገጠ ዳኛው ሌላ ቅጣት የመምረጥ ሥልጣን አልነበረውም። ለተፈረደበት ሰው የቀረው ተስፋ ይቅርታ ነበር፤ የይቅርታ አሰጣጡም ከክልል ክልል ይለያይ ነበር።

በቨርደን ከተማ ችሎት የቀረበው ተከሳሽ ፖሊስ ነበር። ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ምስጢሩን አወጣለሁ ብሎ ያስፈራራውን ሰው ከኋላው ተኩሶ ገድሏል። ለርኅራኄ የሚጋብዝ ጉዳይ አይደለም፤ ምናልባትም ጥያቄው ጥርት ብሎ የወጣው ለዚሁ ነው። ዳኞቹን ያሳሰባቸው እንዲፈጽሙት የታዘዙት ሕግ ነበር፦ ሰውን እስከ ሞት ማሰር ከሰብዓዊ ክብር ጋር ይስማማልን? መዝገቡን አቁመው ጥያቄውን ወደ ካርልስሩኸ ላኩ። (ፍርድ ቤት ጥያቄን ለሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሚያቀርብበትን የእኛን አንቀጽ 84 የምታውቁ፣ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንባችሁም።)

ካርልስሩኸ ባለሙያዎችን ሰማ። ረጅም እስራት የሰውን ማንነት የግድ ያፈርሳል የሚለው ክርክር አልተረጋገጠም ብሎ ቅጣቱን አጸና። ነገር ግን እስረኛው አንድ ቀን ነጻ የመውጣት ተጨባጭ ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ይቅርታ ብቻውን አይበቃም፤ የመፈቻው ሁኔታና ሥርዓት በሕግ ይደንገግ ሲል ወሰነ። የፍርዱ እምብርት ይህ ነው። ይቅርታ ሰጪው ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም፤ ሕግ ግን መስፈርቱን አስቀድሞ ያስታውቃል፣ ውሳኔውም በዳኛ ይመረመራል።

ሕግ አውጪው በ1981 አንቀጽ 57ሀን አወጣ፤ በ1982 ሥራ ላይ ዋለ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ የጥፋቱ ልዩ ክብደት ካልከለከለና የኅብረተሰቡ ደኅንነት ከፈቀደ፣ ፍርድ ቤት እስረኛውን በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2013 በቪንተርና ሌሎች በእንግሊዝ ላይ ባቀረቡት ክስ ይህንኑ የጀርመን ፍርድ ጠቅሷል።

የምነቅፈው አለኝ። ፍርዱ ተስፋን በመጨረሻ አስቀመጠ እንጂ በመጀመሪያ ላይ ያለውን አስገዳጅነት አልነካም። አንቀጹ ጠበብ ተደርጎ እንዲተረጎም ብቻ አሳሰበ። ችግሩም ወዲያው ታየ፦ በ1981 የፌዴራሉ ከፍተኛ የወንጀል ችሎት፣ ሚስቱን የደፈረውን አጎቱን በገደለ ሰው ጉዳይ፣ እጅግ ልዩ ሁኔታ ሲኖር ከዕድሜ ልክ ባነሰ ቅጣት መቅጣት ይቻላል አለ። አንቀጹ የማይለውን ዳኞች ጨመሩበት ማለት ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2015 ማሻሻያ ቢያቀርብም ሕግ ሆኖ አልወጣም፤ አንቀጽ 211 ዛሬም ከዕድሜ ልክ እስራት በቀር ሌላ ቅጣት አይጠራም።