ገበያን የሚዘጋው ማን ነው?

ወረርሽኝ በገባበት አገር ገበያ ሲጎድል ብዙ ሰው ጥፋቱን በአዋጅ ላይ ይጥላል፤ «መንግሥት ባይከለክል ንግዱ ባልቆመ ነበር» ይላል። ነገሩን ከታሪክ ብንመረምረው ግን ከአዋጅ አስቀድሞ ሕመምና ፍርሃት ገበያን እንደሚዘጉ እናገኛለን።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ በጸና ጊዜ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታሪካቸው ጽፈዋል፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ሳሉ በብርቱ ታመው ተርፈዋል። ከተማው ሥራ የፈታው ሠራተኛው ስለ ተኛ ነው እንጂ በአዋጅ ስለ ተከለከለ አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ግን የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፥ እንጅባራን፥ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን በመጋቢት ወር ለ14 ቀን ዘጋ። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ መጋቢት 30 ቀን ባወጣው አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፥ የመኪና ተሳፋሪንም በግማሽ ቀነሰ፤ ሕዝቡ ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ ግን አላዘዘም። የዕለት እንጀራውን በዕለት ሥራ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነውና።

በዚያው ወራት ዴንማርክ ሱቋን ስትዘጋ ጎረቤቷ ስዊድን አብዛኛውን ነገር ለሰው ፈቃድ ተወች። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የባንክ ሒሳብ ቢመረምሩ የሕዝቡ ወጪ በዴንማርክ ከመቶ 29 እጅ፥ በስዊድን 25 እጅ ቀንሶ አገኙት። እንግዲህ የአዋጁ ድርሻ 4 እጅ ያህል ነው፤ የቀረው የበሽታው ነው። ደግሞም በስዊድን ወጣቱ እንደ ዴንማርክ ወጣት አልታቀበም፤ አረጋዊው ግን ከዴንማርክ አረጋዊ ይልቅ እጁን ሰበሰበ። ሁሉ ለፈቃድ ሲተው ሸክሙ በደካማው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ይህን ወደ መንዝ፥ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ እናምጣው። ገብሱን በጎተራ ያኖረ ባላገር ያለ አዋጅም ከገበያ ሊቀር ይችላል። በጉን ሽጦ ጨው የሚገዛ፥ የበግ ጠጕር አስፈትሎ ባና የሚሠራ ሰው ግን በፈቃዱ ልጠንቀቅ ቢል በምን ያድራል? የ2012 ፋሲካ የዋለው ከአዋጁ በኋላ በ11ኛው ቀን ነበር፤ በግ ሻጭ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ገበያ ይኸው ነው።

ስለዚህ አዋጅ ቢወጣም ቢቀርም ኪሳራው አይቀርም። መጠየቅ የሚገባው ኪሳራውን ማን ይሸከመዋል ተብሎ ነው። በር ዝጋ ብሎ የሚያውጅ ጎተራ መክፈትንም አብሮ ያስብ፤ በፈቃዱ በቤቱ የሚቀመጥ ባለጸጋም መቀመጥ የማይችለውን ጎረቤቱን አይርሳ።