በእገሌ በኩል ይድረስ

የአማርኛ ደብዳቤ እጅ ከመንሳቱ፣ ጤና ከመጠየቁም በፊት አንዲት ጸሎት ያደርሳል። «ይድረስ» ይላል። ፈረንጁ «ውድ» ብሎ ሲጀምር እኛ ቅድሚያ የምንለምነው ወረቀቱ ከቦታው እንዲገባ ነው። የድሮዎቹማ «ይድረስ ከእገሌ» ነበር የሚሉት። የዛሬ ተማሪ «ከ»ን ሲያይ ላኪው ይመስለዋል፤ ተቀባዩ ነው። (በማስተምርበት ዘመን ይህችን አንዲት ፊደል ለማስረዳት የጨረስኩት ጠመኔ ቀላል አይደለም።) አባቶቻችን መንገዱን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሳይጸልዩ አይልኩም ነበር።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ቢቸና አብሮኝ ያደገ፣ ዛሬ አሜሪካ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ይህ ሰው አሥር ወር ሙሉ አኮረፈኝ። ስደውል አያነሣም። ሰው ስልክበት «ደህና ነኝ በሉት» ብቻ ነው መልሱ። በመጨረሻ ያነሣ ዕለት የተናገረው ይህንን ነው፦

«እናቴ ሞታ አልደረሳችሁም። ጭራሽ ደብዳቤዬን ከልክላችሁ መለሳችሁት!»

ልብ በሉልኝ፤ በእኛ ቋንቋ ደብዳቤም ይደርሳል፣ ለቅሶም ይደረሳል። አንዱ ካልደረሰ ሌላው አይደረስም። እኔ ግን የእናቱን ሞት የሰማሁት ገና ያን ጊዜ፣ ከራሱ አፍ ነበር።

አዲስ አበባ ያለን የቢቸናና የሞጣ ተወላጆች ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ የምናሰባስብበት ማኅበር አለን። ዘመናዊ እንሁን ብለን በማኅበሩ ስም ዶሜን ተከራየን፣ በዶሜኑም የኢሜይል አድራሻ አወጣን። ወደዚያ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ ያከራየን ድርጅት ሰርቨር ተቀብሎ ወደ አምስት የኮሚቴ አባላት የግል አድራሻ እንዲያስተላልፍልን አደረግን። ወዳጄ የእናቱን ዕረፍትና ቢቸና የሚወጣውን የአርባ ቀን መታሰቢያ ቀን የጻፈው ወደዚያ ነው። አምስታችንም አላየነውም።

ማስተላለፍ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ፖስታ ድሮ በር አያንኳኳም ነበር፤ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ነበር። ልጅ ሳለሁ ቢቸና ውስጥ ሣጥን የነበረው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ምናልባት አንድ ሁለት ነጋዴ። የቀረው ሕዝብ ደብዳቤ የሚቀበለው በእነርሱ ትከሻ ነበር። ፖስታው ላይ «በትምህርት ቤቱ በኩል ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ተብሎ ይጻፋል። «በኩል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ሁሉ ከእርሷ ነው።

ለወዳጄ እናትም አዲስ አበባ ካለች ልጃቸው ደብዳቤ የሚመጣላቸው በዚሁ መንገድ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ እኔና ልጃቸው ተራ እየገባን እናነብላቸዋለን። የቤቱ ትልልቅ ሰዎች አስቀድመው ያስጠነቅቁናል፤ «ክፉ ወሬ ካለበት ዝለሉት!» አንድ ጊዜ የአክስታቸውን ሞት ዘለልን። ከቀናት በኋላ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው መርዶውን አረዷቸው። እኛ «በኩል»ነታችንን ተጠቅመን ደብዳቤውን ቆርጠነዋል ማለት ነው፤ ለደግ ብለን።

በታሪካችን ያልተመለሰ ደብዳቤ ያስከተለውን መዘዝ ለማየት ከአፄ ቴዎድሮስ በላይ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በቆንስል ካሜሮን በኩል ተልኮ በየካቲት 1863 ለንደን ገባ። ደረሰ! ግን ከንግሥቲቱ እጅ ሳይሆን ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ነው የደረሰው፤ እዚያም ተኛ። ቴዎድሮስ ከዓመት በላይ ጠብቀው ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በ1864 መጀመሪያ ቆንስሉን አሠሩ። መልሱ ከተጻፈ በኋላም ይዞት የመጣው ራሳም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ቆይቶ ከንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1866 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መቅደላ ነው፤ ሚያዝያ 1868። ጦርነቱን ያመጣው ደብዳቤው ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ሌላ ነገር ነበር። ነገር ግን መልስ ያጣ ሰው «መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። «ናቁኝ» ነው የሚለው። ወዳጄም ያለው ይህንኑ ነው።

አፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ሰባት ዓይነት ቴምብር ፓሪስ አሳትመው ነበር፤ በአራቱ ላይ የእርሳቸው መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። ቴምብሩ ቢያምርም ከድንበር ወዲያ አያልፍም። ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል አልነበረችምና ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ከአንበሳው ጎን የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ሊለጠፍበት ግድ ነበር። በእኛ ቴምብር እስከ ጠረፍ፣ ከዚያ ወዲያ በሰው ቴምብር! ይህ ያበቃው በ1901 ዓ.ም. አባል ስንሆን ነው። አሳላፊው ባሕር ማዶ የሚታወቅ ማስረጃ ካልጨመረበት ደብዳቤው ይቀራል ማለት ነው። ይህችንም ያዙልኝ።

ሞጣ ደግሞ የራሷ ጠረፍ አላት፤ ዓባይ። በፋሲለደስ ዘመን ተሠራ የሚባለው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሞጣና የማዶው የበጌምድር ሰው በሁለቱ ጫፍ ቆሞ በገመድ እየተጓተተ ይሻገር ነበር፤ ሰውም፣ ዕቃም፣ ወሬም። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚያን ገመድ ፎቶግራፍ በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሔት ላይ አይቶ በዓመቱ መጥቶ አስጠገነው፤ ኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት።

ኢሜይል ወደ አገራችን ሲገባም በገመድ ነው የገባው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ መልእክቱን እያጠራቀመ፣ ለንደን በስልክ እየደወለ በአንድ ጊዜ ያሻግረው ነበር። ሙሉው ኢንተርኔት የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ቢቸና ያለ ሰው ኢሜይል የሚልከው አዲስ አበባ ባለ ዘመዱ «በኩል» ነበር፤ ለዘመድ በስልክ ይነግራል፣ ዘመድ ይጽፋል።

ወደ ኩርፊያው ልመለስ። ጉዳዩን ኮምፒውተር ለሚያውቅ የእህቴ ልጅ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ተመልሶ የደረሳቸውን ማስታወቂያ ሳይቆርጡ እንዲልኩልን ይጠይቁልኝ» አለኝ። ወዳጄ እያጉረመረመ ላከ። ማስታወቂያው በ550 ይጀምራል። በኢሜይል ሥርዓት በ4 የሚጀምር መልስ «ዓባይ ሞልቷል፣ ቆይተህ ሞክር» እንደማለት ነው፤ ላኪው ሰርቨር አራት አምስት ቀን ያህል ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምረው ግን «ተመለስ» ነው። ከሥሩ የእኔ የግል አድራሻ ተጽፎ አጠገቡ «ታግዷል» ይላል። ወዳጄ ወደ ማኅበሩ እንጂ ወደ እኔ አልላከም፤ እኔ በስሜ ያገድኩት ቢመስለው ይፈረድበታል?

ልጁ የደብዳቤውን ራስጌ ከታች ወደ ላይ አነበበው። እያንዳንዱ ሰርቨር እንደ ፖስታ ቤት ማኅተም የራሱን መስመር ከላይ ይጨምራልና መነሻው ከታች ነው። ደብዳቤው ከአሜሪካ ወጥቷል፤ ከማኅበራችን ሰርቨርም በደህና ገብቷል። የተሰበረው ከዚያ ወዲህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል አላላክ ደንብ ላኪውን «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ማንም በማንም ስም ይጽፋል። አጭበርባሪው ሲበዛ ሁለት ጥያቄ ተጨመረ። አንደኛው ኤስፒኤፍ፦ የላኪው ዶሜን «በስሜ እንዲልኩ የፈቀድኩት እነዚህን ሰርቨሮች ነው» ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ሁለተኛው ዲኪም፦ ከደብዳቤው ቃል ተሰልቶ የሚወጣ ማኅተም ነው። የነገሥታቱ ማኅተም በቀለም ከላይ ይመታል፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ግን አይጠብቅም። ይኼኛው አንዲት ቃል ብትነካ ይፈርሳል። ዲማርክ የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ የዶሜኑ ባለቤት «ሁለቱም ካልሠሩ መልሱት» ብሎ የሚያዝበት ነው። ያሁ በሚያዝያ 2014 ይህን ትእዛዝ ባወጣ ጊዜ በዓለም ዙሪያ በኢሜይል ይወያዩ የነበሩ ማኅበራት ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ተዘበራረቀ።

የወዳጄ ተቋምም ይህንኑ ያዛል። የእኛ ሰርቨር ደብዳቤውን በወዳጄ ስም፣ ነገር ግን ከራሱ አድራሻ አስተላለፈ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ አንደኛው ፈተና ወደቀ። ማኅተሙ ግን ሊያድነን ይችል ነበር። ያፈረስነው እኛው ነን! ገንዘብ ያዣችን ባቀረበው ሐሳብ በሚተላለፈው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ «የዓመት መዋጮዎን ከፍለዋል?» የምትል መስመር እንድትጨመር ወስነን ነበር። አስቡት፤ በእናት መርዶ ግርጌ! ቢደርስስ ኖሮ ምን ይባል ነበር?

ሌሎች ሰዎች የሚልኩት፣ ዶሜናቸው ጥብቅ ስላልሆነ፣ ስለሚገባ ማናችንም አልጠረጠርንም። ልጁ ከሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ሞክሮ ለየው። ሰርቨሩ ሲያስተላልፍ ፖስታው ላይ የራሱን ስም የሚጽፍበት ዘዴም አለ፤ ያ የጅቡቲው ቴምብር ማለት ነው። ዲማርክ ግን ከውስጥ ያለውን የላኪ ስምም ስለሚያመሳክር እርሱ ብቻውን አይበቃም አለን። ስለዚህ የመዋጮዋን መስመር አነሣን፣ ማስተላለፉንም ተውን። አሁን በዶሜኑ ላይ እውነተኛ ሣጥን አለን፤ አምስታችንም እዚያው ሄደን እናነባለን።

ለሙት ዓመታቸው አምስታችን ደጀንን አልፈን ወደ ቢቸና ታጠፍን። ወዳጄ ከአሜሪካ ቀድሞን ገብቷል። ድንኳኑ ውስጥ ታላቅ እህቱ፣ ያች የአዲስ አበባዋ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ተነሥተው ሳሙኝና «ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉኝ። ደብዳቤው መንገድ ላይ እንደቀረ ነገርኳቸው።

«በማን በኩል ነበር የላከው?» አሉ።