ስሌታዊ ሥነ ልሳን በዩኒቨርሲቲ

ስሌታዊ ሥነ ልሳን የሰውን ቋንቋ በኮምፒውተር የሚመረምር፣ ኮምፒውተርም ጽሑፍና ንግግርን እንዲያስተናግድ የሚያስችል የትምህርት መስክ ነው። የተወለደው ከማሽን ትርጉም ነው። በጥር 1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና አይቢኤም ከ60 የሚበልጡ የሩሲያኛ ዓረፍተ ነገሮችን በማሽን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በኒውዮርክ ለሕዝብ አሳዩ። የተነሣው ተስፋ ብዙ አልቆየም። በ1966 አልፓክ የተባለው የአሜሪካ ኮሚቴ የማሽን ትርጉም ከሰው ትርጉም የዘገየ፣ ስሕተት የሚበዛበትና ውድ መሆኑን ገልጾ ምርምሩ ወደ መሠረታዊው የቋንቋ ስሌት እንዲዞር መከረ።

ዛሬ ትምህርቱ በጀርመን በሳርላንድና በሽቱትጋርት፣ በስኮትላንድ በኤድንብራ፣ በአሜሪካ ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ከሥነ ልሳን የመጣ ተማሪ ፕሮግራሚንግና የይሆንታ ስሌት ይጨምራል፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣው የቃል ምሥረታን፣ አገባብንና ፍቺን ይማራል። ብዙዎች ሁለተኛውን ቀላል አድርገው ያያሉ። በአማርኛ ላይ ለመሥራት የሚያስብ ግን እንዲህ ሊያስብ አይችልም።

«ስላልተነገራቸው» አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ በውስጡ ግን ምክንያት፣ አሉታ፣ ተደራጊነት፣ የመንገር ድርጊትና ያልተነገራቸው ሰዎች አሉ። ከዚያው ከን-ግ-ር ሥር ነገር፣ ንግግር፣ ተናጋሪና አነጋገር ይወጣሉ። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ዱላውን የሚያሳርፈውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ዱላው የሚያርፍበትን ሰው ያመለክታል፤ የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን እንዲህ ወደ ክፍላቸው የሚፈታ ፕሮግራም ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መስኩ ያደገው በተለይ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ጥናቶች ነው፤ ተማሪዎች የአማርኛን የታተመ ጽሑፍ ማንበቢያ፣ የግንድ ማውጫና የንግግር መለያ ሠርተዋል። የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ደግሞ 1,065 የዋልታ ዜናዎችን ወስዶ 210,000 ያህል ቃላትን በሰው እጅ በየቃል ክፍላቸው አስመድቧል። ስሙ፣ ግሡ፣ ቅጽሉ በባለሙያ ዐይን የተለየበት ይህ ሥራ ከእሱ በኋላ ለመጡ በርካታ ጥናቶች መሠልጠኛና መፈተኛ ሆኗል። ሰሎሞን ተፈራ አባተ በሃምቡርግ ለዶክትሬቱ ያዘጋጀው 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንግግር ስብስብም እንዲሁ አገልግሏል።

የሁለቱ ስብስቦች ጥቅም ከአዘጋጆቻቸው እጅ ወጥተው ለሌሎች በመድረሳቸው የመጣ ነው። ስለዚህ ለመመረቂያ የተሰበሰበ የአገር ቋንቋ ጽሑፍና ድምፅ ከጥናቱ ጋር ተቀምጦ ለተከታዩ ተማሪ ክፍት ሊሆን ይገባል፤ አማካሪዎችም ይህን እንደ መመረቂያ ግዴታ ሊጠይቁ ይገባል።