ስንዴውና ስብከቱ

በ1972 ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ፣ ወደ ሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ሄደ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ መዛግብት ስላሉበት ሁለቱን መቀላቀል ራስ ያዞራል።) ላኪዋ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ከደብዳቤው ጀርባ ያሉት ሰው ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ የቦጂ ልጅ፣ ወለጌ።

በአጭሩ ሲነገር ሐሳቡ ይሄ ነው፦ እናንተ የምዕራብ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ ስንጠይቃችሁ ቶሎ ትሰጣላችሁ። ሰባኪ ለማሠልጠንና ምእመኑን ለማስተማር ስንጠይቃችሁ ግን መመዘኛችሁ ጠበብ ይላል። ሰውን ስጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ጋ ሰው አንድ ነው። ምን እንደሚያስፈልገን እኛው እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳነበው ግር አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ክስ ተቃራኒው ነበራ! «ሚሲዮኖች በስንዴ ሰው ይቀይራሉ» ይባላል፤ መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ። እዚህ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ ፈረንጆቹን «ስንዴውን ብቻ እየላካችሁ ቃሉን ለምን ትነፍጉናላችሁ?» ይላሉ። ተረጂው ረጂውን በጨዋ ቋንቋ ይገስጻል።

እኔ ሃይማኖት ሰባኪ አይደለሁም፤ ኮድ ነው የምጽፈው። ከሥራዎቼ አንዱ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የተረጂዎች መመዝገቢያ ሲስተም መሥራት ነበር። የቤተሰብ ብዛት፣ የመጸዳጃ ቤት ዓይነት፣ የእህል መጠን በኪሎ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሳጥን። ሰውየው ስለ ራሱ ምን ማለት እንደሚፈልግ የሚሞላበት ሳጥን አልነበረም፤ እንድንጨምርም ማንም አልጠየቀንም። የጉዲና ደብዳቤ ስለዚህ ሳጥን የተጻፈ መሰለኝ። ደብዳቤው ከየት መጣ ብዬ ስከተል ደግሞ ወደ ገዛ አገሬ ወደ ወለጋ መለሰኝ።

ወደ ወለጋ መጀመሪያ ወንጌል ይዘው የመጡት ፈረንጆች አይደሉም። ይሄን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል። ስዊድኖቹ ከ1860ዎቹ ጀምረው ምጽዋ አካባቢ ተቀምጠው ወደ ኦሮሞ አገር የሚገቡበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር፤ አላገኙትም። መንገዱን ያገኙት ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው።

ሂካ የሚባል ልጅ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። ከዚያ ተሰረቀ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣው። ስዊድኖቹ ጋ ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። በአዲስ ኪዳን ኦነሲሞስ ከጌታው የኮበለለው ባሪያ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አውቆ ነው ያወጣው። ኦነሲሞስ ነሲብ ስዊድን ድረስ ሄደው ተማሩ፤ ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፦ አገሬ ልግባ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ ከድንበሩ አካባቢ ተመለሱ። በሸዋ በኩል ሞከሩ፣ እንጦጦ ደርሰው ተመለሱ። መሬቱ እምቢ ሲላቸው ወደ ቋንቋው ገቡ።

እዚህ ጋ አስቴር ጋኖ ትመጣለች። እሷም ለባርነት ወደ አረብ አገር ስትጫን በ1886 መርከቡን ጣሊያኖች ይዘው ነፃ አወጧት፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ባለው የስዊድኖቹ ትምህርት ቤት አደገች። ኦነሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ነው፤ የልጅ ኦሮምኛ ይዞ መጽሐፍ ቅዱስ መተርጎም ደግሞ አይቻልም። የቋንቋውን ጓዳ የከፈተችላቸው አስቴር ናት። የቃላት መዝገብ አዘጋጀች፤ 500 ገደማ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች። ከፊሉ በ1894 በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ርዕሱ ላይ የገነነው ስም የኦነሲሞስ ብቻ ነው፤ የአስቴርን ድርሻ ለማየት ታሪክ አዋቂዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። በእኛ ሙያ ቢሆን፣ ግማሹን ኮድ የጻፈች ልጅ ስሟ ከፕሮጀክቱ ላይ ቀረ እንል ነበር።

መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ለኦሮምኛ የምታገለግለው ዸ ዛሬም ስልካችን ውስጥ ቁጭ ብላለች፤ ኦሮምኛ በ1991 ወደ ቁቤ ከተሻገረ በኋላ ግን የሚነካት ሰው ጥቂት ነው።

ከኦነሲሞስ አስቀድሞ ቦጂ የደረሰ ሌላ ሰውም አለ፦ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ። ከሐማሴን የመጣ የኦርቶዶክስ ቄስ ነው፤ በ1890ዎቹ መጨረሻ ቦጂ ገብቶ እዚያው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኦሮምኛ ያስተምር ጀመር። «ጴንጤ» እና «ኦርቶዶክስ» ብለን ዛሬ በምናሰምረው መስመር ይሄን ሰው የት እንደምታስቀምጡት ጨንቋችሁ ይሆናል። እኔንም ጨንቆኛል።

ኦነሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ የተቀበሏቸው የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞረዳ ናቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱም በኦሮምኛ ሆነ። የአካባቢው ካህናት ከሰሱ፤ ጉዳዩ 1906 ላይ አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አፄ ምኒልክ ገብተውበት ኦነሲሞስ ነቀምቴ ተመለሱ፣ ስብከት ግን ተከለከሉ። ፈቃዱን የሰጧቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው፣ በ1916። እስከዚያ ድረስ አሥር ዓመት ያህል አስተማሪ ብቻ ሆነው ኖሩ። ማስተማር ይፈቀዳል፣ መስበክ አይፈቀድም። ልብ በሉ፤ ሰውየውን ለሁለት የመክፈሉን ነገር ለጋሾቹ አልጀመሩትም፤ ቤተ መንግሥት ቀድሟቸዋል።

ከዚያ ሐኪሞቹ መጡ። በቄለም በኩል በር የከፈተው በሽታ ነው፦ በ1918 ዓለምን የፈጀው፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው። ከሱዳን የመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በአገረ ገዥው ጥሪ 1919 ላይ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ገባ። ስዊድኖቹ ነቀምቴ ላይ ሆስፒታል አቆሙ፤ ከጀርመን የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ሰዎች በ1928 አይራ ሰፈሩ፤ አይራም የሆስፒታል ከተማ ሆነች። ወለጋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ሚሲዮን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው መርፌ ነው።

ደምቢ ዶሎ ከሚሲዮኑ ጋር የተገናኘ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ነበር፦ ጊዳዳ ሶለን። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወሰደው። ሐኪሞቹ ዓይናቸውን አልመለሱላቸውም፤ እሳቸው ግን ቃሉን በጆሮ ይዘው በእግር እየዞሩ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ሰባኪ ሆኑ። ልጃቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነጋሶ ጊዳዳ፣ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት።

ጣሊያን ሲገባ ሚሲዮኖቹ ወጡ። ብዙዎች ነገሩ እዚያው ያበቃል ብለው ነበር። እንደ ጊዳዳ ያሉ ሰዎች ግን ያለ ፈረንጅ፣ ያለ ደመወዝ ቀጠሉ፤ ሚሲዮኖቹ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ጥለውት ከሄዱት የበለጠ ምእመን ጠበቃቸው። የጉዲና ደብዳቤ ድፍረት ምንጩ ይሄ ይመስለኛል። ያለ ለጋሽ መኖርን አንዴ ያየ ሰው ለጋሽን ሲያናግር ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፤ ሚሲዮን የሚሰብክበትና የኦርቶዶክስ ብቻ የሆነ። የማስተማሪያው ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ይሁን ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ከባርነት የወጡ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡለት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እያለ፣ የወለጋ የሚሲዮን ተማሪ በአማርኛ ይማር ነበር። ይሄን ጽሑፍ በአማርኛ የምጽፈው የወለጋ ልጅ ከዚያ ደንብ ዕዳ ነፃ ነኝ ለማለት አልደፍርም።

መካነ ኢየሱስ በጥር 1959 ስትመሠረት 20,000 ገደማ ምእመን ነበራት። ጉዲና ቱምሳ ከቄስነታቸው በፊት ነቀምቴ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር ነበሩ። ስጋና ነፍስ አንድ ነው ሲሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኙትም ማለት ነው። አሜሪካ ተምረው በ1966 ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1972 ያንን ደብዳቤ ላኩ፤ በ1974 ናይሮቢ ላይ ለጋሾቹ በጉዳዩ ላይ ተሰበሰቡ። እውነቱን ለመናገር ስብሰባው የለጋሾቹን ልማድ ብዙም አልቀየረውም። የዚያኑ ዓመት አብዮቱ መጣ።

ደርግ የቤተ ክርስቲያኗን ራዲዮ ጣቢያ የወንጌል ድምፅን በ1977 ወረሰ። ጉዲና ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና ታሰሩ። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ሲመቻችላቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 1979 አዲስ አበባ ኡራኤል ከሚገኘው አጥቢያ ሰብከው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ፤ እሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ ቆይተው ታስረው አሥር ዓመት ያህል እስር ቤት አሳለፉ። የቄሱ አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የእኔ ሰፈር ነው።

ሰባ ሰባት በምንለው ረሃብ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ገደማ ሰው አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ትልቁ ድርሻ የወለጋ ነበር። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነው፦ ትራክተርና ካድሬ ያለው ትልቁ «መደበኛ» ሲባል፣ ሰፋሪውን በነባር ገበሬዎች መሐል የሚሸጉጠው «ስግስግ» ይባላል። አሶሳ፣ ጃርሶ፣ ቄቶና አንገር ጉቲን መደበኛ ናቸው። የአንገር ሸለቆ ቆላ ነው፤ ወባው ሰውን፣ ገንዲው ከብቱን ይፈጃል። የወሎ ደጋ ገበሬ በሬ ይዞ የሚኖርበት አገር አልነበረም። አያቴ «በአውቶቡስ ጫኑን፣ የት እንደምንወርድ አልነገሩንም» ትላለች። እህሉን ማን እንደሰጠ ስጠይቃት «ጆንያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ ግን የፈረንጅ ፊደል ነው» አለችኝ። ጆንያውን ፈትታ መጋረጃ ሠርታበታለች።

ለጋሾቹ በሰፈራው ተከፋፈሉ። አሜሪካ ለሰፈራ አልከፍልም አለች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ሰው እየተገደደ ነው፣ በመንገድም እየሞተ ነው ብሎ በይፋ ስለተናገረ በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ብዙዎቹ ሌሎች ዝም ብለው መሥራት መረጡ፤ የአየርላንዱ ኮንሰርን ጃርሶና ቄቶ ገብቶ አገልግሏል። ማን ልክ ነበር? የተናገረው ተባረረ፣ ዝም ያለው ልጆቹን አከመ። አያቴን ከጠየቃችሁኝ ያከመው ልክ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማንም ባይናገር ኖሮ ሰፈራው በ1986 ረገብ ይል ነበር ብዬ አላምንም።

የቤተ ክርስቲያኗ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ዋና ጸሐፊዋን የገደለ፣ አዲስ አበባ ያለውን ዋና ጽሕፈት ቤቷን የወረሰ፣ ወለጋ ውስጥ ብዙ አጥቢያዎቿን የዘጋ መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት ግን መካነ ኢየሱስ ከካቶሊኮችና ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጋር በአንድ ጥምረት ገብታ ለድርቁ እህል ታከፋፍል ነበር። እህሏ ይገባል፣ ስብከቷ ይታሸጋል። ጉዲና በ1972 ለጋሾቹን የከሰሱበትን መክፈል ደርግ በማኅተም አጸደቀው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በማንም ሪፖርት በረጂነት ያልተመዘገበ አንድ ወገን አለ። ሰፋሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ለብዙዎቹ ጎጆ የሠሩት የወለጋ ገበሬዎች ናቸው። ግድግዳውን ያቆሙ፣ ሣሩን ያጨዱ፣ በስግስጉ ደግሞ መሬት ያካፈሉና ማሳ ያረሱ። በፈቃዳቸው አይደለም፤ ከቀበሌ በመጣ ትእዛዝ ነው፣ የራሳቸውን ሥራ አቁመው። የአሜሪካን ስንዴ በቶን እናውቀዋለን። ጎጆው ስንት ቀን እንደወሰደ፣ ሣሩ ስንት ሸክም እንደነበር የቆጠረ የለም። ባለፉት ዓመታት አንገር ጉቲን አካባቢ አማራውም ኦሮሞውም ሲፈናቀል፣ ማን መጤ ማን ባለቤት የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ ይሄን ጉልበት የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም።

አያቴ ጎጆውን ታስታውሳለች። ሲደርሱ ክዳኑ ገና እርጥብ ሣር ነበር፤ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ፣ እሷ አልገባትም። በእጁ ወደ ውስጥ አመለከታት፤ ገባች።