የሁለት ኮምፒውተሮች ንግግር የማን ነው?

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ እንበል። አንዱ በዊንዶውስ፣ ሌላው በሊኑክስ ይሠራል። ሁለቱም ከአንድ ዋይፋይ ጋር ተገናኝተዋል። በሊኑክሱ ላይ ያለ ፎልደር በዊንዶውሱ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይጻፍበታል። ፍላሽ አያስፈልግም። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ሥራው አይቆምም፤ ንግግሩ ከቤት አይወጣምና።

ዛሬ ይህ ተራ ነገር ነው። ከጀርባው ግን የዓመታት ሙግት፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ የሚቆጠር ቅጣትና አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ ሁለት ማሽኖች የሚግባቡበት ቋንቋ ባለቤት ሊኖረው ይገባል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው።

🔹 ቋንቋው ከየት መጣ?

ቋንቋው ኤስኤምቢ ይባላል። የተወለደው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ሲሆን፣ የነደፈው ባሪ ፋይገንባም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል በራስ ዲስክ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲከፈት ማድረግ።

ማይክሮሶፍት ይህን ቋንቋ ተቀብሎ አሳደገው፤ የዊንዶውስ ዋና የፋይል መጋሪያ መንገድም አደረገው። በ1990ዎቹ ዊንዶውስ የየቢሮውን ጠረጴዛ ሲይዝ ቋንቋውም አብሮት ገባ። ሰዋስዉ ግን ሙሉ በሙሉ አልታተመም። ውጤቱ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ፣ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ሰርቨርም የዚያው ኩባንያ ቢሆን ይሻላል። አንዱን ገበያ የያዘ ሌላውን ይስባል። ለዚህ ማስገደድ አያስፈልግም፤ አለመናገር ብቻ ይበቃል።

🔹 በካንቤራ የተጀመረው ማዳመጥ

በ1991 መጨረሻ አንድሩ ትሪጅል በካንቤራ፣ በአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካለው ፒሲ ሆኖ በዩኒክስ ማሽን ላይ ያሉ ፋይሎችን ማግኘት ፈለገ። ፒሲው የሚጠቀመው የዲጂታል ኩባንያን ሶፍትዌር ነበር። ትሪጅል በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን መረጃ እያየ፣ ምን ሲጠየቅ ምን እንደሚመለስ እየመዘገበ፣ የራሱን ሰርቨር ጻፈ። በ1992 መጀመሪያም ለማንም በነጻ ለቀቀው።

ያኔ ያልጠበቀው ነገር ነበር። ያዳመጠው ቋንቋ የማይክሮሶፍቱ ኤስኤምቢ ዘመድ ነው። ይህ ዋጋ ያገኘው በ1993 መገባደጃ፣ በቤቱ ያለውን የሊኑክስ ኮምፒውተር ከባለቤቱ የዊንዶውስ ፒሲ ጋር ለማገናኘት በፈለገ ጊዜ ነው። የቀድሞ ሥራውን አውጥቶ እንደገና ጀመረው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ነገር ሥሩ የአንድ ቤት ችግር ነው።

ዘዴውን ትሪጅል ኋላ ላይ ሲያስረዳ በካፌ መስሎታል። ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ካፌ ገብቶ ይቀመጣል። ደንበኛው ምን ብሎ እንዳዘዘ ይሰማል፤ አስተናጋጁ ምን ይዞ እንደመጣ ያያል። ቀስ በቀስ ቃላቱን ይለያል። መዝገበ ቃላት አልሰረቀም፤ ያዳመጠው በፊቱ የተነገረውን ነው። ማዳመጡ ሳይበቃ ሲቀርም ትእዛዞችን በቁጥር እያፈራረቀ ወደ ዊንዶውስ የሚልክ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። የሚመለሰው የስህተት መልእክት ዓይነት ራሱ መረጃ ነው፤ «አላውቀውም» እና «አሟልተህ አልጠየቅህም» አንድ አይደሉም።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ የሰጠው ስም የሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክት መሆኑ ተነገረው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር «ኤስ»፣ «ኤም» እና «ቢ» በቅደም ተከተል ያሉባቸውን ቃላት ፈለገ፤ «ሳምባ» ወጣ። ለእነሱ የብራዚል ጭፈራ ነው። በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ግን መተንፈሻ ነው፤ ለኔትወርኩ ሥራው ይኸኛው ሳይቀርብ አይቀርም።

🔹 ከቤት ወደ ፍርድ ቤት

ማዳመጥ ወሰን አለው። ዊንዶውስ 2000 ሲመጣ ጉዳዩ ፋይል ማሳየት ብቻ መሆኑ ቀረ። ማን ይግባ፣ ማን ምን ይክፈት የሚለውን ሁሉ የሚያስተዳድረው አክቲቭ ዳይረክተሪ መጣ። የሳምባ ሰዎች አንዱን ፈትተው ሳይጨርሱ ሌላው ይጨመራል።

በ1998 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ሰርቨሮቹ ከዊንዶውስ ጋር እንዲግባቡ የሚያስችል መረጃ ማይክሮሶፍትን ጠየቀ። መልሱ እንቢታ ሆነ፤ ሰንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ መጋቢት 24 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት የገበያ የበላይነቱን አላግባብ ተጠቅሟል ብሎ ወሰነ። 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ መረጃውንም በ120 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ አዘዘ።

የማይክሮሶፍት ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ለዓመታት ገንዘብና ዕውቀት አፍስሼበታለሁ፤ የፈጠርኩትን ለተፎካካሪ አስረክብ ልባል አይገባም ነው የሚለው። ግን የተጠየቀው ሌላ ነበር። የዊንዶውስ ኮድ ይሰጠን ያለ የለም። የተጠየቀው የንግግሩ ደንብ ነው፤ ምን ሲባል ምን ይመለሳል የሚለው። የወጥ ቤቱን ምስጢር መጠየቅና የምግቡን ዝርዝር መጠየቅ የተለያዩ ናቸው።

የሙግቱ ቀጣይ ምዕራፍ አስተማሪ ነው። በ2004 ሰን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ክፍያ ከማይክሮሶፍት ጋር ታረቀ። ኖቬል 536 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ከአውሮፓው ጉዳይ ወጣ። በክርክሩ ከቀጠሉት መካከል የአውሮፓ ነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንና ከጎኑ የቆሙት የሳምባ ሰዎች ይገኙበታል። የሚፈልጉት ደንቡን እንጂ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለዚህ በገንዘብ የሚሸኙ ሰዎች አልሆኑም።

መስከረም 17 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) በሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ በዋና ዋና ነጥቦቹ አጸና። በታኅሣሥ ወር በተፈረመ ስምምነት ሳምባ ሰነዶቹን በአንድ ጊዜ የ10,000 ዩሮ ክፍያ አገኘ። በተከታዩ የካቲት ማይክሮሶፍት ከ30,000 ገጽ በላይ የፕሮቶኮል ሰነድ በይፋ ለሁሉም ለቀቀ። በ2011 የማይክሮሶፍት ሰዎች ራሳቸው ለሳምባ ኮድ አበረከቱ። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ሳምባ 4.0 ደግሞ እንደ አክቲቭ ዳይረክተሪ ሰርቨር መሥራት ቻለ። ዊንዶውስ በዚህ አልጠፋም፤ ማይክሮሶፍትም አልደኸየም።

🔹 የምስጢር ዋጋ

«ምስጢር ደኅንነት ነው» ለሚሉ 2017 መልስ አለው። በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ጭምር አናወጠ። የገባው በአሮጌው የኤስኤምቢ ስሪት፣ በዊንዶውስ አሠራር ላይ በነበረ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የአሜሪካ የደኅንነት ተቋም ኤንኤስኤ አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ መጠቀሚያ መሣሪያውም ሾልኮ ወጣ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን በመጋቢት ለቆ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

ክፍት መሆንም ብቻውን አያድንም። በዚያው ወር ሳምባ ላይም ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፍኗል። ስለዚህ በቤቱ ፋይል የሚጋራ ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ስሪት ማጥፋትና 445 የሚባለውን በር ለኢንተርኔት አለመክፈት።

🔹 ለእኛስ?

ጉዳዩ የፈረንጅ ኩባንያዎች ጠብ ብቻ ይመስላል። በቀድሞው አሠራር የፋይል ስም በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈው «ኮድ ፔጅ» በተባሉ ጠባብ ሠንጠረዦች ነበር፤ የግዕዝ ፊደል በእነዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በ2003 የወጣው ሳምባ 3.0 ደግሞ ዩኒኮድን በኔትወርክ ንግግሩ ውስጥ አስገባ። በአማርኛ «ደብዳቤ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስሙን ይዞ የሚሻገረው የንግግሩ ደንብ ለማንም ፊደል ክፍት ሲሆን ነው።

ሶፍትዌር የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ ያግኝ፤ ይህ ክርክር የለውም። ሰውን ከሰው፣ ማሽንን ከማሽን የሚያገናኘው ደንብ ግን እንደ መንገድ ነው። መኪናውን ሠርቶ መሸጥ ንግድ ነው። የመንገዱን ምልክት ደብቆ «ከእኔ መኪና በቀር ሌላ አያልፍም» ማለት ግን ንግድ አይደለም።

ዛሬ ይህ ጥያቄ ከፋይል ወጥቶ ወደ መልእክት መላኪያዎች፣ ወደ ሞባይል ገንዘብ፣ ወደ ባንክ መተግበሪያዎች ተሻግሯል። አንዱ ከሌላው ጋር ለምን አይነጋገርም ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር «ቴክኒኩ አይፈቅድም» የሚል መልስ ይመጣል። የሳምባ ታሪክ ያንን መልስ እንድንመረምር ያስተምራል። ብዙ ጊዜ የማይፈቅደው ቴክኒኩ ሳይሆን ባለቤቱ ነው።